ባንዳ ለማለት አትቸኩሉ

አንድ አባባል ሰልችቶኛል። የናይጄሪያዋ ሌጎስ ብራዚላውያን፣ አጉዳ የሚባሉት፣ ፖለቲካ የማይነካካቸው፣ ለእንግሊዝ አጎንብሰው ያደሩ፣ መዶሻና መርፌያቸውን ይዘው ለቅዳሴና ለካርኒቫል ብቻ የኖሩ ሰዎች ነበሩ የሚለው አባባል። በመጽሐፍ ይጻፋል። በጉባኤ ይነገራል። ቡና ላይ ይደገማል። ጨዋው «ታማኝ ተገዥዎች» ይላቸዋል፤ ደፋሩ «ባንዳ» ይላቸዋል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ የራሳቸው አቋም አልነበራቸውም። ውሸት ነው! አንባቢም ውሸት መሆኑን ይጠረጥራል፤ ግን ለቅኝ ገዥ ጥብቅና የቆመ እንዳይመስልበት ይሉኝታ ይዞት አፉን ዘግቷል። እኔ አልዘጋም።

ለመሆኑ እነማን ነበሩ? ከዮሩባ ምድርና ከአካባቢው ተማርከው ብራዚል የተሸጡ፣ ብዙዎቹ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅመው ራሳቸውን የገዙ፣ ከዚያም ያንኑ ውቅያኖስ ተሻግረው የተመለሱ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ለምን ተመለሱ? የአገር ናፍቆት ብቻ ነው ያመጣቸው? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1835 በብራዚሏ ባሂያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሳልቫዶር አፍሪካውያን ሙስሊሞች፣ ባሪያውም ነጻ የወጣውም፣ ሌሊት መሣሪያ አንስተው ተነሡ። የማሌዎች አመጽ ይባላል። በሰዓታት ውስጥ ተደመሰሰ። ግድያው፣ ግርፋቱና ስደቱ ተከተለ። በዚያው ዓመት ሜይ 13 ቀን ባሂያ አንድ ሕግ አወጣች፦ ነጻ የወጣ አፍሪካዊ በየዓመቱ 10,000 ሬይስ የነፍስ ወከፍ ግብር ይክፈል፤ የተጠረጠረው ከአገር ይውጣ፤ ቤትም ሆነ መሬት መግዛት አይችልም።

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡ። ቤትም ሆነ መሬት መግዛት አይችልም። ራሱን የገዛ ሰው ጣሪያ መግዛት ተከለከለ። ስለ አጉዳዎች የፖለቲካ አቋም የሚጽፈው ሁሉ ከዚህ ሕግ ካልጀመረ፣ የጻፈውን ቀዶ ይጣለው።

ያረፉባትም ሌጎስ ገነት አልነበረችም። በ1840ዎቹ ኮሶኮ የሚገዛት የባሪያ ንግድ ወደብ ነበረች። ከብራዚል የተመለሰ ሰው ንብረቱ ይዘረፍ ነበር፤ ነጻነቱን ራሱ የሚያስከብርለት አልነበረም። በዲሴምበር 1851 የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዋን በመድፍ ደበደቧት፣ ኮሶኮን አባረው የቀድሞውን ንጉሥ አኪቶዬን መልሰው አነገሡ። ኦገስት 6 ቀን 1861 ደግሞ የአኪቶዬን ልጅ ዶሱንሙን በጦር መርከብ ጥላ ሥር አስፈርመው ሌጎስን ጠቅልለው ወሰዱ። ወረራ ነው። ሌላ ስም የለውም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከባሂያው ሕግ አምልጦ ኮሶኮ እጅ የወደቀ ሰው ከማን ጎን ይቁም ነበር የምትሉት? ከዘራፊው? ወይስ መልሶ ሊሸጠው ከሚችለው ነጋዴ? ከእሳት የወጣ ሰው ጭሱን ቢታገሥ ጭስ ወዳጅ ይባላል?

ጭሱን ታግሠው ምን አገኙ? መሬት። በዘውዱ ስም የተሰጠ፣ በወረቀት የተጻፈ፣ ለልጅ የሚተላለፍ የይዞታ ካርታ። ባሂያ የከለከለችውን ቤት ሌጎስ ላይ ሠሩ። በካምፖስ አደባባይ ዙሪያ፣ በባምግቦሼ ጎዳና፣ በካካዋ ጎዳና ባለ ፎቅ ቤቶች ተነሡ፤ ግንባራቸው በጌጥ የተሞላ፣ የተመለሱበትን አገር ሳይሆን የወጡበትን አገር የሚመስሉ። በልጅነቱ ተሸጦ የተመለሰው ዦአዎ ኤሳን ዳ ሮሻ ካካዋ ጎዳና ላይ የሠራው ቤት እስከ ዛሬ «የውሃ ቤት» ይባላል፤ ከግቢው ጉድጓድ ለከተማው ውሃ ይሸጥ ነበርና። ግንበኛው ላዛሮ ቦርጄስ ዳ ሲልቫና አናጢው ፍራንሲስኮ ኖብሬ የቅዱስ መስቀልን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ዦአዎ ባፕቲስታ ዳ ኮስታ በ1894 የተመረቀውን የሺታ ቤይ መስጊድ ሠራ። ሚሲዮናዊ ቄስ ሳይመጣ በፊት ጸሎታቸውን የሚመራው ከመካከላቸው የወጣ፣ ራሱም ባርነትን የቀመሰ፣ «ፓድሬ አንቶኒዮ» የሚሉት ሰው ነበር። ማንም አልሾመላቸውም። ይህ ሁሉ የፖለቲካ አቋም ካልሆነ አቋም ምንድን ነው? ሰልፍ ወጥቶ መጮህ ብቻ?

ታሪክ ጸሐፊዎቹ እዚህ ላይ ያሳፍሩኛል። ማስረጃቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በእንግሊዝኛ የታተሙ የሌጎስ ጋዜጦች። በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ብራዚላውያኑ 2,700 ያህል ነበሩ፤ ከሴራሊዮን ከተመለሱት ሳሮዎች በቁጥር ይበልጣሉ። ሳሮዎቹ ግን በእንግሊዝ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ጋዜጣው የነሱ፣ የጸሐፊነቱ ወንበር የነሱ፣ አቤቱታ ማርቀቁ የነሱ። አጉዳው ቤቱ ፖርቱጋልኛና ዮሩባ ይናገራል። ታዲያ በማያውቀው ቋንቋ በታተመ ጋዜጣ ላይ ድምፁ ጠፋ ተብሎ ድምፅ አልነበረውም ይባላል? ጆሮውን ወደ አንድ በኩል ብቻ ያዞረ ሰው በሌላው በኩል ዝምታ ነው የሚሰማው። ሜይ 13 ቀን 1888፣ ያ ሕግ በወጣ ልክ በ53 ዓመቱ፣ ብራዚል ባርነትን ስትሽር ሌጎስ ላይ አጉዳዎቹ ለቀናት ደገሱ። ውቅያኖስ ማዶ ባርነት ውስጥ ስለቀሩት ወገኖቻቸው የሚደግሱ ሰዎች ናቸው ፖለቲካ የማይገባቸው?

እንግሊዞቹስ? ባርነትን ልናጠፋ መጣን አሉ፤ መድፉም በዚያ ስም ተተኮሰ። ከተማዋን ከያዙ በኋላ ግን በየግቢው የነበረውን ባርነት ዓመታት ሙሉ እያዩ እንዳላዩ አለፉት። ከጌታው ያመለጠውን ሰው እንግሊዛዊው ሹም ጆን ግሎቨር መልምሎ ጠመንጃ አስያዘው፤ «የግሎቨር ሃውሳዎች» ተባሉ። ነጻ የወጣው ለሌላ ጌታ እንዲተኩስ ነው። ገዥው አልፍሬድ ሞሎኒ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከብራዚል ተጨማሪ ሰዎች እንዲመለሱ ወተወተ፣ ከባሂያ ጋር ቀጥታ የመርከብ መስመር እንዲዘረጋ ተሯሯጠ። ለፍቅር ነው? እጃቸውን፣ ሙያቸውንና ንግዳቸውን ፈልጎ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት መንግሥቱ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ድጎማ ከእንግሊዝኛ ትምህርት ጋር አሰረው፤ የካቶሊኮቹም ትምህርት ቤቶች ፖርቱጋልኛውን ገፍተው አወጡት። እጃችሁን እንፈልጋለን፣ አፋችሁን ግን አንፈልግም ነው ነገሩ። ይህን ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ያደረጉት ሰዎች ስለ አጉዳዎቹ «ታማኝነት» የጻፉትን ምስክርነት እኛ ዛሬ እንደ ወንጌል እንቀበላለን!

ጻድቅ ላደርጋቸው አይደለም። አንዳንዶቹ ብራዚላውያን በዚያ የባሕር ዳርቻ ራሳቸው ሰው ሸጠዋል። የተሸጠ ሰው ሰው ሸጠ። ይህን የሚደብቅ ዘመናይ ወዳጃቸው ከጠላታቸው አይሻልም። የእንግሊዝ ካርታም በነጻ አልተሰጠም። የሌጎስን ንግድ የሚጠብቀው ያው መንግሥት በ1892 ጎረቤቱን የኢጀቡን መንግሥት በጦር ወጋ። የካካዋ ጎዳና ሰላም የሌላው ደም አለበት። አጉዳው ይህን አያውቅም ነበር? ያውቃል። ዋጋውን አውቆ የተዋዋለ ሰው ነበር፤ መጠየቅም ያለበት እንዲያ ሆኖ ነው። ባንዳ ብሎ መጥራት ከዚህ ጥያቄ ማምለጫ ነው። የዋህ ነበር ማለትም ማምለጫ ነው።

ደፋሮቹ አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ፕላሲዶ አሱምፕሳዎ የተባለ የአጉዳ ልጅ ነበር። ጠበቃ ሆነ። በ1913 የብራዚል ስሙን ጥሎ አዴዬሞ አላኪጃ ተባለ። በ1926 መታተም የጀመረውን ዴይሊ ታይምስ ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ1930ዎቹ በቅኝ ገዥው የሕግ ምክር ቤት ተቀመጠ። በ1945 የእንግሊዝ ንጉሥ «ሰር» አለው። በ1948 ደግሞ ኤግቤ ኦሞ ኦዱዱዋ የተባለው የዮሩባ ማኅበር በኢሌ ኢፌ ሲመሠረት ፕሬዚዳንቱ እሱ ሆነ፤ ከዚያ ማኅበር ጉያ አክሽን ግሩፕ የተባለው ፓርቲ ወጣ፣ ራስን በራስ ማስተዳደርን ጠየቀ። እንግዲህ ንገሩኝ። በ1913 አርበኛ፣ በ1945 ባንዳ፣ በ1948 እንደገና አርበኛ ነው? በየስንት ዓመቱ ነው የሚገለባበጠው? ሰውየው አንድ ነው። መሰላሉን ወጣበት፤ መሰላሉ ያደረሰውን ቦታ ለወገኑ ተጠቀመበት፤ በመካከል መሰላሉን ላቆመው ሰው ሰገደ። ሦስቱም እውነት ነው፤ ሦስቱንም አብሮ መሸከም ያቃተው ሰው ስለ ቅኝ ግዛት አይናገር።

በተለይ እኛ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም እያልን፣ ደረታችንን ነፍተን፣ በሌላው አፍሪካዊ ላይ ዳኛ ሆነን መቀመጥ እንወዳለን። አምስት ዓመት ወረራ አይተን በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከእኛው መካከል ማን ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አፍ ሞልተን አንነጋገርም። ስልሳና ሰባ ዓመት ያንን ቀንበር ይዞ የኖረውን ግን በአንዲት ቃል እንፈርደዋለን። በ1935 ጣሊያን ሲወረን በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር የሚኖሩት ሌጎሶች ተሰብስበው ድምፃቸውን ያሰሙልን፣ ገንዘብ ያዋጡልን ነበር። ያ ሁሉ «ታማኝ ተገዥ» ነው የሚባለው ከተማ። ያን ጊዜ ማንኛችን ባንዳ አልናቸው?

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ መዘዙን ያየ አይደለም። ፖለቲካ አልነበራቸውም የተባለ ሕዝብ የሚቀረው ጌጡ ነው። ጭምብሉ፣ ከበሮው፣ ምግቡ፣ የፋሲካው ካርኒቫል። ባለሥልጣን መጥቶ ያጨበጭባል፣ ከአምባሳደር ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ወዳጅነታችን ለዘላለም ይኑር ይባላል። ቲኑቡ አደባባይ አጠገብ ኢሎጆ ባር የሚባል ቤት ነበር፤ የፈርናንዴዝ ቤትም ይሉታል። ከአጉዳዎቹ ቀደምት ቤቶች አንዱ ነው። በ1956 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ስድሳ ዓመት በመዝገብ ላይ ኖረ። በሴፕቴምበር 2016 አፈረሱት። መዝገቡ አላዳነውም፤ ጭብጨባውም አላዳነውም። የሚያምር አሮጌ ቤት ነው ተብሎ ብቻ ለታወቀ ቤት፣ ከሱ የሚያምር አዲስ ሕንፃ በቦታው ይተካል። ጣሪያ እንዳይኖረው በሕግ ለተከለከለ ሰው መልስ ሆኖ የተሠራ ግንብ መሆኑን ለአንድ የሌጎስ ተማሪ እንኳ ያስተማረ ቢኖር፣ መዶሻው ሲያርፍበት ሰው በር ላይ አይቆምም ነበር? ፈርሶ ካበቃ በኋላ ሁሉም አዘነ። መግለጫ ወጣ። ቁጣው በጋዜጣ ላይ ሞላ። ካምፖስ አደባባይ ዙሪያ ዛሬም የቆሙ ጥቂት ቤቶች አሉ፤ ግድግዳቸው የተሰነጠቀ፣ መሬታቸው ውድ። ቀጣዩ ሲፈርስ ማን በሩ ላይ ይቆማል? ባንዳ ያላቸው? ወይስ ታማኝ ያላቸው?