ሲዲ የሌለው ላፕቶፕ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። የዛሬው ጉዳይ ከእነዚህ ራቅ ያለ ነው። ነገር ግን ሰሞኑን ከምትጠይቁኝ ውስጥ ከጤናው ቀጥሎ የበዛው ይኼው ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ልጄ ከውጭ አገር ያገለገለ ላፕቶፕ ላከልኝ። በጣም ይንቀራፈፋል፣ ሲከፈትም የማላውቀውን ሰው ስም ያወጣል። እንደ አዲስ ላስጭነው ብል ሲዲ አብሮት አልመጣም። ምን ይሻላል?»

ሲዲው አያስፈልግም። ይህን ከወዲሁ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ነርስ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የቤታችንን ሦስት አሮጌ ላፕቶፖች የማስታምመው እኔ ነኝ። የልጅ ልጆቼ ስልክ ሲነካኩ ጣታቸው አይታይም፤ ኮምፒውተር ሲታመም ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ የመጠበቅ ትዕግሥት የላቸውም። ሥራው ደግሞ አብዛኛው መጠበቅ ነው።

ድሮ ላፕቶፕ ሲገዛ ከካርቶኑ ውስጥ ሲዲ ይወጣ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የሲዲ ማስገቢያ እንኳ የላቸውም። አምራቾቹ ሲዲውን ትተው ከዲስኩ ላይ አንድ ጥግ ከልለው መልሶ መጫኛውን እዚያው አስቀምጠውታል። ዊንዶውስን በሕጋዊ መንገድ ለመጠቀም የሚያስችለው ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ቁልፍም እንዲሁ ከማሽኑ ጋር ነው። በዊንዶውስ 7 ዘመን በላፕቶፑ ሆድ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ከመጣ ወዲህ ግን ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው በሚወጡት ላይ ቁልፉ የሚቀመጠው በማዘርቦርዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ መልሳችሁ ስትጭኑ ማሽኑ ቁልፉን ራሱ ያገኘዋል፤ ማንም ቁልፍ እንዲሸጥላችሁ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካርድ ሳይታይ መርፌ አይወጋም። ላፕቶፑ ላይ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት በውስጡ የማን ምን እንዳለ ጠይቁ።

የታችኛው ግቢ ጎረቤታችን ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። የሟች ላፕቶፕ ስለዘገየ ለትምህርት ይሁነው ብለው ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። ልጁም ከጓደኛው ጋር ሆኖ በአንድ ከሰዓት «ፎርማት» አደረገው። ማሽኑ እንደ አዲስ ሆነ፤ ሁሉም ተደሰተ። ለሙት ዓመቱ ፎቶ ሲፈለግ ነው ነገሩ የታወቀው። የልጆቹ ክርስትና፣ የሴቷ ልጅ ሠርግ፣ አባትዬው ከስካነር ላይ እያነሱ ያስቀመጧቸው የቆዩ ፎቶዎች፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ልጁን ማንም አልተቆጣውም። አያቱም «ምን ያውቃል፣ እኔም አልነገርኩት» ነው ያሉት። እሱ ግን እስካሁን ያን ላፕቶፕ ሲከፍት አይቼው አላውቅም።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም፤ ጥያቄው አንድ ደቂቃ የሚወስድ ስለሆነ ነው። ላፕቶፑን የላከውን ልጅ ደውላችሁ «ከውስጡ የሚፈለግ ነገር አለህ?» በሉት። ቤት ውስጥ የነበረ ከሆነ ደግሞ ፎቶውን፣ ሰነዱን፣ የድምፅ ቅጂውን ሁሉ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ገልብጣችሁም አትመኑ፤ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሦስቱን ፎቶ ከፍታችሁ እዩ። በአሮጌው ዓይነት በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ነገር አንዳንዴ በባለሙያ ይመለሳል፤ ያም ወዲያው ከተዘጋና ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ነው። ኤስኤስዲ በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ላይ ግን ተስፋው የመነመነ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላፕቶፑ ከቀድሞው ባለቤት እጅ በእርግጥ ወጥቷል ወይ የሚለው ነው። ከውጭ ከሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የድርጅት ንብረት የነበሩ ናቸው። ድርጅቱ ከመዝገቡ ሳይሰርዘው የሸጠው ከሆነ እንደ አዲስ ጭናችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙት የድርጅቱን ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ይህን የሚፈታው ያው ድርጅት ብቻ ነው። የአፕል ኮምፒውተር ከሆነም የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ ካላስወጣው ይቆለፋል። ገና ሲበራ ዊንዶውስ ሳይመጣ በፊት የይለፍ ቃል የሚጠይቅም አለ። ስለዚህ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ላይ ከባዶ አስነስቶ፣ ኢንተርኔት አገናኝቶ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ያሳያችሁ። «እቤት ሲደርሱ ይሠራል» ካለ ተሰናበቱት።

ይህ ሁሉ ካለፈ መጫኑ ራሱ ቀላል ነው። አስቀድማችሁ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ ቻርጀሩንም እንደተሰካ ተዉት። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በሚጠፋበት ሰፈርና ሰዓት ባትጀምሩት እመርጣለሁ፤ መሃል ላይ ከጠፋ ማሽኑ መነሣት እስኪያቅተው ሊደርስ ይችላል።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለበትና የሚነሣ ከሆነ «ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡና «ሪከቨሪ» የሚለውን ፈልጉ፤ በ11 ላይ «ሲስተም» ሥር፣ በ10 ላይ «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ» ሥር ይገኛል። እዚያ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚል አለ። ስትጫኑት ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ፎቶና ሰነዱን ትቶ ፕሮግራሞቹን ብቻ ያነሣል፤ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ሁሉንም ይጠርጋል። ከማታውቁት ሰው የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። የራሳችሁን ለሌላ ስትሰጡ ደግሞ ከዚሁ ሥር ዲስኩን አጥቦ የሚያጸዳው አማራጭ አለ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የባንክ ወረቀታችሁንና የሕክምና ማስረጃችሁን ሌላ ሰው ቆፍሮ እንዳያወጣው ይከላከላል።

ቀጥሎ «ክላውድ ዳውንሎድ» ወይም «ሎካል ሪኢንስቶል» ይላችኋል። የመጀመሪያው ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ወደ 4 ጊጋ ባይት ስለሚበላ በስልክ ፓኬጅ ለምንጠቀም ሰዎች አይመከርም። ሁለተኛው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ካለው ይጭናል። እኔ ሁልጊዜ በሁለተኛው እጀምራለሁ፤ እንቢ ካለ ብቻ ነው ዋይፋይ ያለበት ዘመድ ቤት የምሄደው።

የይለፍ ቃሉን ባታውቁትም መግቢያ አለ። ስሙ በሚታይበት ገጽ ላይ «ሺፍት»ን ተጭናችሁ ሳትለቁ ከማጥፊያው ምልክት «ሪስታርት» የሚለውን ምረጡ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ «ትራብልሹት» ብላችሁ ወደዚያው «ሪሴት» ትደርሳላችሁ። አንዳንዱ ላፕቶፕ እዚህ ላይ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ያ የዲስኩ መቆለፊያ ሲሆን ቁጥሩ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በቀድሞው ባለቤት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። እንግዲህ ወደ ልጃችሁ መልሳችሁ ደውሉ።

ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ ገና እንደበራ የተወሰነ ቁልፍ ደጋግሞ መምታት ነው። በኤችፒ ኤፍ 11፣ በኤሱስ ኤፍ 9፣ በኤሰር አልትን ይዞ ኤፍ 10፣ በአሮጌ ቶሺባ ደግሞ ዜሮ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ወደ ፋብሪካው መጫኛ ያስገባሉ። ብዙዎቹ ሌኖቮዎች ጎናቸው ላይ በመርፌ ጫፍ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። የቀድሞው ባለቤት ዲስኩን ቀይሮት ወይም ያንን ጥግ አጥፍቶት ከሆነ ግን ምንም አይመጣም። ያን ጊዜ ፍላሽ ያስፈልጋችኋል።

8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያዙ። በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ እወቁት፤ የመዝሙር ፍላሻችሁን እንዳትሰጡ። ደኅና በሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ «ሚድያ ክሪዬሽን ቱል» የሚባለውን በነፃ ታወርዱና ፍላሹን እሱ ያዘጋጅላችኋል። ከዚያ ፍላሹን በሽተኛው ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ፣ ስታበሩት በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 እየመታችሁ ከፍላሹ እንዲነሣ ታዙታላችሁ። ቁልፍ ሲጠይቃችሁ የለኝም የሚለውን ምረጡና እለፉ። ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ መጫን ግን ግድ ነው፤ አለዚያ የራሱን ቁልፍ አይቀበልም።

እዚህ ላይ ስለ ዕድሜ እናውራ። ዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ አያልፉም። ለእንዲህ ያሉት አዛውንት ማሽኖች እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው። ነፃ ነው፣ ቁልፍ አይጠይቅም፣ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሄዳል። ከሁሉ የወደድኩለት ነገር ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ተነሥቶ መሞከር መቻሉ ነው። ካልተመቻችሁ ነቅላችሁ ማጥፋት ብቻ፤ የነበረው እንደነበረ ይቆያል። ጽሑፍ ለመጻፍና ኢንተርኔት ለማየት አይቸግርም። አንዳንድ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ግን ዊንዶውስን ብቻ ስለሚፈልግ ልጁን አስቀድማችሁ ጠይቁት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ልጁ ኪቦርዱን እንዲለምድ ብቻ ከሆነ ግን ሚንቱም ይበቃዋል።

«እኔ ይህን ሁሉ አልችልም፣ ሱቅ እወስደዋለሁ» የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ ነውር የለውም። ብቻ ስትሄዱ የምትሉትን እወቁ። አንዱ ወጣት ቴክኒሻን እኔን ያለኝ «ማዘር፣ ዊንዶ ጭኜ፣ ኦፊስ ጭኜ፣ አክቲቬት አድርጌ ነው የምሰጥዎት» ነበር። በምን አክቲቬት እንደሚያደርገው ስጠይቀው ሳቀ። ክራክ ማለቱ ነው። ያን ለመጫን ጸረ ቫይረሱ መጥፋት አለበት፤ ከክራኩ ጋር ምን አብሮ እንደሚገባ ደግሞ ጫኙም አያውቅም። በዚያ ላፕቶፕ ላይ ነው እንግዲህ የባንክ ይለፍ ቃላችንን የምንጽፈው። ለልጁ «ማሽኑ የራሱ ፈቃድ አለው፣ በእሱ ይጫንልኝ፤ ጽሑፍ መጻፊያ ሊብሬ ኦፊስ ይበቃኛል» አልኩት። ሊብሬ ኦፊስ ነፃ ነው። ልጁም «ማዘር ነቄ ናቸው» ብሎ እንዳልኩት አደረገው፤ ዋጋውም ቀነሰ። ሲጭን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ፎቶዎቻችሁ ያሉበትን ማሽን ጥላችሁ አትሂዱ።

ተጭኖ ሲያበቃ መጀመሪያ ኢንተርኔት አገናኙትና ማሻሻያዎቹን ይጨርስ፤ ድምፁ ወይም ዋይፋዩ እንቢ ያለ ቢመስልም ብዙ ጊዜ በዚህ ይስተካከላል። ዋይፋዩ ጭራሽ ካልታየ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ አገናኝታችሁ ኢንተርኔት ስጡት። ለልጁ የራሱ መግቢያ፣ ለእናንተ የራሳችሁ ይኑር። «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ፤ ኪቦርዱ ያለ ክፍያ ይመጣል። ያዘጋጃችሁትንም ፍላሽ አታጥፉት፤ ፕላስተር ለጥፉበትና ምን እንደሆነና ቀኑን ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ አኑሩት። የሚቀጥለው ጎረቤት ሲያንኳኳ ይፈለጋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደም ግፊታችን እንመለሳለን።