ከገበያው በፊት ለመሶቡ

ለቤት እመቤቶችና ለቤተ ሰብ አባቶች

የማና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው የቡ፣ እንደዚሁም አጋሮና ሊሙ ገነትን የመሳሰሉት በጅማ ዙሪያ ያሉት የቡና ከተሞች፣ ከልምላሜያቸው የተነሣ ለተመልካች ችግር የሚገባባቸው አገሮች አይመስሉም። ቡናው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሆኖ ይታያል፤ በየጓሮው እንሰትና ሙዝ፣ ጎደሬና ዘይቱን ይበቅላል። ነገር ግን ልምላሜና ጥጋብ አንድ አለመሆናቸውን የሚያውቅ በክረምት ወደ ጎጆው ገብቶ መሶቡን ከፍቶ ያየ ሰው ነው። ቡና በአመዛኙ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ስለ ሆነ የዓመቱ ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባው በዚያው ጊዜ ነው። ዕዳው ተከፍሎ፣ ልብሱ ተገዝቶ፣ ሠርጉም ተደግሶ ካለፈ በኋላ ሰኔና ሐምሌ ሲደርሱ ከረጢቱ ባዶ ይሆናል፤ አዲሱ እህል ግን ገና በማሳ ላይ ነው። በዚህ ዓምድ ዛሬ የምንናገረው በዚያ በጠበበው ጊዜ በጥቂት ገንዘብ ቤተ ሰብን በጤና ስለ መመገብ ነው።

በአንድ የሐምሌ ገበያ ቀን አንዲት እናት ልጅዋን አዝላ፣ ዐሥር እንቁላልና ሁለት እስር ጎመን ዘርግታ ተቀምጣ አየናት። ሸጣ በጨረሰች ጊዜ በትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ አንድ እሽግ መኮሮኒና ለልጅዋ ከረሜላ ገዛች። ልጁ ሦስተኛ ዓመቱን እንደ ጀመረ ነገረችን፤ ቁመቱ ግን ከአንድ ዓመት ተኩል ልጅ የሚበልጥ አልነበረም። «እኅቴ፣ ከእንቁላሉ ለልጁ አላስቀረሽለትምን?» ብለን ብንጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እንቁላሉማ ሳሙናችንና ጨዋችን ነው፤ ከበላነው በምን እንገዛለን? ጎመንና ቦሎቄም የድኃ ምግብ ነው፤ መኮሮኒ ሳበላው ግን ጎረቤትም ያከብረኛል» ብላ መለሰችልን።

ይህች እናት ሰነፍ አይደለችም፤ ልጅዋንም የማትወድ አይደለችም። ስለ ሳሙናውና ስለ ጨው የተናገረችውም እውነት ነው። ስሕተቱ ያለው «የድኃ ምግብ» ባለችው ላይ ነው። በዚያ ቀን ከቤትዋ ያወጣችውና ወደ ቤትዋ ያስገባችው በሚዛን ቢመዘን፣ የወጣው ከገባው ይበልጥ ነበርና። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ማለት ሥጋንና ጅማትን የሚገነባ ምግብ፣ ይዟል። ጎመን ለዓይንና ለደም፣ ለአጥንትም የሚጠቅሙ ቪታሚኖችና ማዕድኖች አሉት። መኮሮኒ ክፉ ነገር ባይሆንም ከስንዴ የተሠራ ስለ ሆነ፣ በቤት ያለው እህል የሚሰጠውን እንጂ የጎደለውን አያመጣም። ከረሜላው ግን ጥርስን ከመጉዳት በቀር ሌላ ዋጋ የለውም።

እህል ብቻውን የሚበላ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ከታወቀ ቆይቷል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1933 ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሴት ሐኪም፣ ዛሬ ጋና በምትባለው በወርቅ ጠረፍ አገር ሲሠሩ፣ ጡት ጥለው በበቆሎ ምግብ ብቻ የሚያድጉ ሕፃናት እግራቸው እያበጠ፣ ቆዳቸው እየተላጠ ሲሞቱ አይተው ስለ በሽታው ጻፉ። የአገሩ ሰዎች ክዋሺዮርኮር ይሉታል፤ ትርጓሜውም ታናሹ ሲወለድ ከጡት የተነሣውን ታላቅ ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። የዛሬ ሐኪሞች የበሽታው ምክንያት የፕሮቲን ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ቢያስረዱም፣ ያ ስም እናቶች ያዩትን እውነት በትክክል ይናገራል። በአገራችንም በ1962 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕፃናት ምግብ ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ ከዚያም ሥራ ፋፋ የተባለው የልጆች ምግብ ተገኘ። ፋፋ ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ያጣመረ ነበር። ምሥጢሩ በማጣመር ላይ ነው። ይህንንም ማንኛዪቱም እመቤት በቤትዋ ልታደርገው ትችላለች። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስለን፣ በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ከ100 ሕፃናት 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ቤት ሊያደርጋቸው የሚገባውን አንድ በአንድ እናመልክት።

አንደኛ፤ ድርሻን ከገበያ በፊት መለየት ነው። እንቁላሉን ሁሉ ብሉት አንልም፤ ሳሙናም ጨውም ያስፈልጋልና። ነገር ግን ከዐሥሩ ሦስቱ ወይም አራቱ ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ለትንሹ ልጅና ለነፍሰ ጡሯ ይቀመጡ። ዘር የሚያስቀር ገበሬ ዘሩን አስቀድሞ ይለያል እንጂ ከተሸጠው ተርፎ እስኪገኝ አይጠብቅም። ልጅም የቤቱ ዘር ነው። አቮካዶም በደረሰ ጊዜ እንዲሁ ይደረግ፤ ሁሉን አርክሶ ሸጦ ዘይት ከመግዛት ይልቅ ጥቂቱን በልጁ ገንፎ ላይ ደፍጥጦ መጨመር ጥሩ ቅባት ይሆነዋል።

ሁለተኛ፤ እህልን ከጥራጥሬ ጋር ማጣመር ነው። በቆሎ የጎደለውን ቦሎቄና ባቄላ ይሞሉታል፤ ቦሎቄም የጎደለውን በቆሎው ይሞላዋል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ነው። በ100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ውስጥ ከ20 ግራም የሚበልጥ ፕሮቲን ሲኖር፣ በዚያው መጠን ባለው በቆሎ ውስጥ ግን 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት እጅ በቆሎ ወይም ማሽላ ወይም ጤፍ፣ አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ለቅሞ፣ ቆልቶና አስፈጭቶ ማስቀመጥ ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ከዚህ ዱቄት ገንፎ ይሠራለት። ገንፎው በማንኪያ ሲነሣ የማይንጠባጠብ ይሁን፤ ውሃ የበዛበት አጥሚት የልጁን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድገውምና። በላዩም የተቀቀለና የደቀቀ ጎመን ወይም ዱባ ይጨመርበት። ጡት ግን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አይቋረጥበት።

ሦስተኛ፤ ጓሮን እንደ ጎተራ መቁጠር ነው። ሃያ እግር ጎመን የተከለች እመቤት ቅጠሉን ከሥር ከሥሩ እየቀነጠሰች ብዙ ወራት ትጠቀምበታለች። ዱባ በአጥር ላይ ይሳባል፤ ሥጋው ለዓይን ብርሃን የሚጠቅም ሲሆን ቅጠሉ ይቀቀላል፤ ፍሬውም ተቆልቶ ይበላል። ጎደሬ የክረምት መድኅን ነው፤ ነገር ግን በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮን ስለሚያሳክክ አብዝቶ መቀቀል ያሻል። ዘይቱንንም ልጆች እየለቀሙ የሚጥሉት የዱር ፍሬ አድርገን አንናቀው፤ ከብርቱካን የበለጠ ቪታሚን ሲ አለውና።

አራተኛ፤ ይህ በተለይ ለቡና አገር ሰው የሚነገር ነው። ቡና ክብራችንና ኑሯችን ነው፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ግን በጥራጥሬና በጎመን ያለው የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። በ1983 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት 39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ 64 በመቶ እንደ ቀነሰው አሳይቷል። ከምግብ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ቡና አልጎዳም፤ ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደ ተጠጣው ሆነ። ስለዚህ ሥርዓቱ አይቅር፤ ጀበናው ይጣድ፤ ጎረቤትም ይጠራ፤ ነገር ግን ሰዓቱ ከምግብ ይራቅ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ከሁሉ ይልቅ ይህን ትጠብቅ፤ ለትንንሽ ልጆችም ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይሰጥ። በወጡ ላይ ጥቂት ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያ መጨመር ደግሞ ብረቱን ወደ ደም ያግዘዋል፤ ይህም ብዙ ወጪ የለበትም።

አምስተኛ፤ ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለበትን መምረጥ ነው። የአዮዲን ማነስ በአንገት ላይ እንቅርትን ያወጣል፤ በማኅፀን ያለውንም ልጅ አእምሮ ይጎዳል። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2011 ደንብ ወጥቷል። ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር፤ እሳትና እርጥበት አዮዲኑን ያጠፉበታልና።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቃል ለአባቶች ነው። በብዙ ቤት የጓሮው ነገር የሚስት፣ የቡናው ገንዘብ ግን የባል ሆኖ ተለይቷል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሚስት የክረምቱን ችግር በዐሥር እንቁላል ልትከላከል ትገደዳለች። የቡና ገንዘብ በእጅ ባለበት በኅዳርና በታኅሣሥ አዲሱ በቆሎም ጥራጥሬም በገበያ ላይ ስለሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከክረምት ይልቅ ዋጋው ይረክሳል። ስለዚህ ቡናው ተሸጦ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ከመበተኑ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው የክረምቱን ወራት ይቁጠሩ፤ ለምግብ ከተመደበው ከዐሥሩ ብር አምስቱን ለእህል፣ ሦስቱን ለጥራጥሬ፣ የቀረውን ለዘይትና ለጨው አድርገው ይሸምቱ። የተገዛው በደንብ ደርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሰር፤ እንዲህ ከሆነ ነቀዝ አይበላውም። የሻገተውን እህል ግን ለልጅ ማብላት አይገባም፤ ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫልና።

ቡና ብቻውን የማይታመን ጌታ መሆኑን አገሩ በመከራ ተምሮታል። ዋጋውን ይደግፍ የነበረው የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ በ1989 ከቆመ በኋላ ገበያው ወደቀ፤ በ2001ም ዋጋው በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በኒውዮርክ ገበያ የተወሰነ ዋጋ የየቡን ልጅ ገበታ ሊያጎድል ይችላል፤ በጓሮ ያለውን ጎመን ግን ሊነቅለው አይችልም። ዋጋ ሲወጣ ጓሮውን ቡና ብቻ ማድረግ የሚወድ ሰው ይህን ያስብ።

ያቺን የገበያ እናት ስንሰናበታት፣ ከሚቀጥለው ገበያ ጀምሮ ሦስት እንቁላል ለልጅዋ እንድታስቀር፣ ከምትገዛውም መኮሮኒ ፋንታ ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ እንድትገዛ መከርናት። እርስዋም ጥቂት አሰበችና፣ «ሦስትስ ይቻለኛል» አለች። እኛም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅናትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ለልጁ የቀረው እንቁላል ቀስ በቀስ በልጁ እግር ይሄዳልና።