የጨረታ ግምገማና የቁልፍ ባለሙያዎች ጉዳይ ለገጠሩ ሥራ ምን ያመጣል?

በአዲስ አበባ በልደታ ማርያም አካባቢ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ባለፉት ዓመታት ከታዩት የሙስና መዝገቦች ብዙዎቹ ከመንግሥት ግዥ ጋር የተያያዙ መሆናቸው ይታወቃል። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው መግለጫ፣ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሲያስታውቅ፣ ከዚያ የተነሡት ክሶች የተሰሙት በዚሁ በልደታ ነበር። ይኸው ኮርፖሬሽን ሥራውን ተረክቦት ከነበረው አንዱ በኢሉባቦር የታቀደው የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሲሆን፣ ፋብሪካው ሳይጠናቀቅ ሥራው ቆሟል። በየዓመቱ ማዳበሪያ ዘገየ እያለ ወረዳ የሚመላለሰው ገበሬ ነገሩ የከተማ ወሬ ብቻ አለመሆኑን ይገነዘባል።

ይሁን እንጂ ያለ ጨረታ የሚፈጸም ግዥ አንድ ቀን መታየቱ አይቀርም። ጨረታው በሥርዓቱ ወጥቶ፣ ሰነዱ በአደባባይ ተከፍቶ፣ ጥፋቱ በግምገማው ክፍል ውስጥ በነጥብ አሰጣጥ ላይ የተፈጸመ እንደሆነ ግን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጭቅጭቅ ውስጥ ደግሞ በገጠር ሥራ ላይ ጎልቶ የሚታየው የቁልፍ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው።

ቁልፍ ባለሙያ የሚባለው ተጫራቹ በሰነዱ ውስጥ ስሙን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የሥራ ልምዱን አያይዞ «ይህን ሥራ የሚመራው ይህ ሰው ነው» ብሎ የሚያቀርበው ባለሙያ ነው። በመስኖ ግድብ ሥራ የቦታው መሐንዲስ፣ ቀያሹ፣ የአፈርና የግንባታ ዕቃ ጥራት ተቆጣጣሪው በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአማካሪዎች መምረጫ መመሪያ፣ ከ100 የቴክኒክ ነጥብ ውስጥ ከ30 እስከ 60 የሚሆነው ለእነዚህ ሰዎች እንዲሰጥ፣ ለድርጅቱ የቀድሞ ልምድ ግን ከ10 እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ከድርጅቱ ስም ይልቅ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ይመዘን ማለት ነው። አሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ነጥብ ያስገኘው ሰው በሥራው ቦታ ሳይገኝ ሲቀር ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ወረዳ የአነስተኛ ግድብ ጥናትና ቁጥጥር ለማሠራት ጨረታ አውጥቷል እንበል። የቴክኒኩ ድርሻ 80 በመቶ፣ የዋጋው 20 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ድርጅት በቴክኒክ 85 አግኝቶ 10 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል። ሁለተኛው 75 አግኝቶ 8 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል። የመጀመሪያው ከቴክኒኩ 68፣ ከዋጋው 16፣ በድምሩ 84 ያገኛል። ሁለተኛው 60 እና 20፣ በድምሩ 80 ይሆንለታል። ስለዚህ 2 ሚሊዮን ብር ይበልጥ የጠየቀው ያሸንፋል፤ የተሻለ ሰው አለውና ቢከፈለው አያስቆጭም። ነገር ግን ለዚህ ድርጅት ከተሰጡት 85 ነጥቦች 12ቱ የአንድ መሐንዲስ ነበሩ እንበል። መሐንዲሱ ከድርጅቱ ለቆ ሄዷል፤ ወይም ስሙ መያያዙን ራሱ አያውቅም፤ ወይም በሌላ ዞን በሌላ ጨረታ ለሙሉ ጊዜ ቀርቧል። 12ቱ ነጥቦች ሲነሡ ቴክኒኩ 73፣ ድምሩም 74.4 ይሆናል። አሸናፊው ተለወጠ። ገበሬው 2 ሚሊዮን ብር የተጨመረበት በሌለ ሰው ነበር ማለት ነው።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ የመንግሥት ጨረታ ቅሬታ የሚሰማውና በ100 ቀን ውስጥ ውሳኔ የሚሰጠው የኮንግሬስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ተጫራች ያቀረበው ቁልፍ ባለሙያ እንደማይገኝ ካወቀ ጨረታውን ላወጣው ክፍል ማሳወቅ አለበት የሚል አቋም ሲያራምድ ቆይቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን የፌዴራል የይገባኛል ጥያቄዎች ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ እንዲህ ያለ ግዴታ በሕጉ ውስጥ የለም ሲሉ ፈርደዋል። በሠለጠነ ሕግና በብዙ ጠበቃ የማይስማሙበትን ነገር የወረዳ ኮሚቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ይጨርሰዋል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

በተለይም ባለሙያ በሚያንስበት ቦታ ችግሩ ይጠነክራል። ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ በየክልሉ አዳዲስ ሥራ ተቋራጮችና አማካሪዎች እንዲደራጁ ተደርጓል። ለወጣቶች ሥራ የከፈተ በጎ ጅምር ነበር። ሆኖም ልምድ ያለው መሐንዲስ በአንድ ሌሊት አይፈጠርም፤ ድርጅት ሲበዛና ባለሙያው ያው ሲሆን የአንድ ሰው ማስረጃ በብዙ ሰነድ ውስጥ ቢገኝ አያስደንቅም። እዚህ ላይ ተጫራቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። የ10 ዓመት ልምድ ያለው ሰው ለትንሽ ቦይ ሥራ የሚጠይቅ ጨረታ አውጪም ተጫራቹን ወደ ውሸት ይገፋዋል።

የሕጉን መንገድ በሚመለከት፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 649፣ ቅሬታ ያለው ተጫራች በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ካልተስማማ ደግሞ ለአቤቱታ ሰሚ ቦርድ እንዲያቀርብ ፈቅዶ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። የወረዳ ግዥ ደግሞ በየክልሉ ሕግ ስለሚመራ፣ የቅሬታው ቀን ከጨረታው ሰነድ ላይ መታየት አለበት። ከዚህም በላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውሳኔ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲመረመር በር ከፍቷል።

ታዲያ ይህ ሁሉ መብት የተጫራቹ ነው። ግድቡ የሚሠራለት ገበሬ ተጫራች ስላልሆነ የግምገማውን ውጤት ተቃውሞ አቤቱታ የሚያቀርብበት ቦታ ጠባብ ነው። እጁ የሚገባው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። በተለመደው የአማካሪ ውል አሠራር የቀረበው ባለሙያ በሌላ ሊተካ የሚችለው በሞት፣ በሕመም ወይም ከድርጅቱ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት ሲሆን፣ ተተኪውም እኩል ወይም የበለጠ ችሎታ ያለው መሆን አለበት፤ አሠሪውም በጽሑፍ መስማማት አለበት። «መሐንዲሱ ከተማ ነው፤ ሰኞ ይመጣል» የሚለው የፎርማን መልስ በዚህ ውስጥ አይገባም።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበር ወይም የውኃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ መሪ የሥራ ቦታ ርክክብ በሚደረግበት ቀን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የቁልፍ ባለሙያዎቹን የስም ዝርዝር መጠየቅ ይችላል። ዋጋው ምስጢር ነው ቢባል እንኳ ሥራውን የሚመራው ሰው ስም ምስጢር ሊሆን አይችልም። ስሙ ከተገኘ በኋላ መሐንዲሱ በቦታው የዋለበትን ቀን በደብተር መመዝገብ የፊደል ሠራዊት አያስፈልገውም፤ አንድ ማንበብና መጻፍ የሚችል የኮሚቴ አባል ይበቃል። የመሠረቱ ቁፋሮ ሲፈተሽ፣ ድንጋዩና ሲሚንቶው ሲደባለቅ፣ የቦዩ ከፍታ ሲለካ ማን እንደነበረና ማን እንዳልነበረ በቀን ተጽፎ ከተያዘ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ለወረዳው ግዥና ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይቀርባል። የደብዳቤው ግልባጭ ለዞኑና ለክልሉ ውኃ ቢሮ ይላካል፤ መድረሱም በማኅተም ይረጋገጣል። ክፍያው ከተፈጸመና ግድቡ ክረምቱን አልፎ ከሰነጠቀ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን መዝገብ ቤት ከመግባት አያልፍም።