የፈረሱት ሰፈሮች ያሉት የሰርግ ካሴት ውስጥ ነው

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንችስ የፈረሱት መንደሮች ተንቀሳቃሽ ምስላቸው የት አለ? ቴሌቪዥን በአብዛኛው የቀረፀው አደባባዩንና ባለሥልጣኑን ነው። የውስጥ ለውስጡን መንገድ፣ የቆርቆሮውን አጥር፣ ድንኳን የተጣለበትን ቅያስ፣ በር ላይ ቆመው እልል የሚሉትን ጎረቤቶች የቀረፀው የሰርግ ካሜራማን ነው። ሙሽራዋ እስክትወጣ ሲጠብቅ ካሜራውን ወደ ሰፈሩ ያዞራል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ አንድ ሽማግሌ በከዘራ ያልፋሉ። ያኔ ማንም ቁም ነገር ያላለው ምስል ነው።

ያ ምስል ዛሬ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ በስተጀርባ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጧል። በዓለም የመጨረሻው እንደሆነ የሚነገርለት የቪዲዮ ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ያልተገለበጠ ቴፕ አብዛኛው ሊጠፋ እንደሚችል ከዓመታት በፊት አስጠንቅቆ ነበር። አፕልም በዚያው ዓመት ባወጣው የማክ ሥርዓት ሚኒ ዲቪ ካሜራ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበትን ፋየርዋየር አስቀርቶታል። በዚህ ጉዳይ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ባለፀጋ ሆኗል።

በየቤቱ የሚሰማው መልስ ግን «እኛ እኮ ፍላሽ ላይ አስገልብጠናል» የሚል ነው። አደገኛው ይሄ ነው።

ሚኒ ዲቪ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣ ካሴት ነው፤ በላዩ ያለው ምስል ቀድሞውኑ ዲጂታል ነው። በፋየርዋየር ሲገለበጥ እንዳለ ይሻገራል፣ ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። በቢጫው ገመድና በርካሽ መቀበያ ሲገለበጥ ግን መጀመሪያ ወደ አናሎግ ይወርዳል፣ ከዚያ ይጨመቃል። (ቪ ኤች ኤስ የተቀረፀው በአናሎግ ስለሆነ በገመድ መገልበጡ ግድ ነው፤ እዚያ የሚወስነው የዴኩና የመቀበያው ጥራት ነው።) ቪዲዮ ቤቱ ፍላሹ እንዲበቃው ደግሞ ያሳንሰዋል። ባለቤቱ በስልኩ አይቶ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ለቤተሰቡ ግሩፕ ይልከዋል፤ እንደ ፋይል መላክ እየተቻለ በቪዲዮ መልክ ስለላከው ቴሌግራምም በተራው ይጨምቀዋል። ከዚያ ካሴቱ ይጣላል።

መጣል የሌለበትም ብዙ ካሴት ይጣላል። ከዋሽንግተን የተላከ ካሴት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ምስሉ ቢዘል ወይም ቀለሙ ቢጠፋ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። አሜሪካ ትጠቀምበት የነበረው ኤን ቲ ኤስ ሲ ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ፓል። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ቢገኝ ይከፈታል።

በሜሞሪ ካርድ የሚቀርፁት ካሜራዎች ከመጡ በኋላ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ቪዲዮዎቹን ብቻ መርጦ ይገለብጣል። ካሜራው ረጅሙን ቀረፃ ቆራርጦ ስለሚያስቀምጥ፣ የሚያገጣጥመው መረጃም በሌሎቹ ፋይሎች ውስጥ ስላለ፣ ሙሉ ፎልደሩ እንዳለ መወሰድ አለበት።

ኤዲቲንግ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፣ በኮፒው ላይ ብቻ። የዚያን ዘመን ኤዲተር ምን እንዳደረገ የሰርግ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ላይ ዘፈን ጭኖበታል፣ ሰፈሩን ቆርጦ ልብ የሚመስል ጌጥ አስገብቷል። ዛሬ «አሰልቺ» ብሎ ጥሬውን የሚያጠፋ ሰውም ያንኑ እየደገመ ነው። የሚፈለገው ጥሬው ነው፣ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት። ውጭ አገር ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁለተኛውን እዚያ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው። ፍላሽ ለማድረሻ እንጂ ለዓመታት ማኖሪያ አይሆንም።

«ሰው ኑሮ ከብዶት ስለ ሰርግ ካሴት ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው ሸክሙ በየቤተሰቡ ላይ ብቻ መጣል የሌለበት። ሰፈር ሲፈርስ ቤት ይቆጠራል፣ ካሳ ይሰላል፤ ፌስታሉን ግን የሚጠይቅ የለም። ወመዘክር የመንግሥት ወረቀት መጠበቁ ደግ ነው፣ የነዋሪው ሕይወት ግን ወረቀት ላይ አይደለም። በየክፍለ ከተማው ቤተ መጻሕፍት አንድ የሚሠራ ዴክ፣ አንድ ሚኒ ዲቪ ካሜራና ፋየርዋየር ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ቢቀመጥ፣ ነዋሪው ዲስኩን ይዞ መጥቶ ቢያስገለብጥ፣ ፈቃደኛ የሆነም አንድ ኮፒ ለቤተ መጻሕፍቱ ቢተው፣ ወጪው ከአንድ ስብሰባ አበል የሚበልጥ አይመስልም።

የሚወስደው ጊዜ ነው። የስድሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስድሳ ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። ለሥራው የሚሆኑት ሰዎች ደግሞ ያኔ የቀረፁት ካሜራማኖች ናቸው፤ በሌላ ማሽን አልከፈት ያለ ካሴት አንዳንዴ የሚከፈተው በተቀረፀበት ካሜራ ነውና፣ የትኛው በየትኛው እንደተቀረፀ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።