የሠንጠረዡ ወሰንና የመዝገቡ እውነት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ የሚነግድ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በቆሎውም ሆነ በርበሬው ከገበሬው እጅ ወጥቶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ ከሚዛን ቀጥሎ የሚያልፈው በመዝገብ ነው። ቀድሞ በደብተር ይጻፍ የነበረው ሒሳብ ዛሬ በብዙ ቦታ ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ ተዛውሯል። ከየቀበሌው የሚመጡትን ሠንጠረዦች አንድ በአንድ ከፍቶ ከመደመር ይልቅ፣ በፓይተን ቋንቋ የሚያነብ ኮድ ማዘጋጀት ብልኅነት ነው። ነገር ግን ኮዱ ያገኘውን ሳይመረምር የሚቀበል ከሆነ ስሕተቱን የሚያየው የለም።

ኮዱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሠንጠረዡ ስንት ረድፍና ስንት ዓምድ እንዳለው ነው። ኦፕንፓይኤክስኤል የተባለው የታወቀ መሣሪያ ቍጥሩን ወዲያው ይሰጣል። ሆኖም ይህ ቍጥር የሠንጠረዡ ወሰን እንጂ የተጻፈበት መጠን አይደለም። ጸሐፊው 40 ገበሬዎችን መዝግቦ፣ ለውበት ሲል እስከ 1,000ኛው ረድፍ መስመር አስምሮ እንደሆነ፣ መሣሪያው 1,000 ብሎ ይመልሳል። በሌላ ፕሮግራም የተሠራ ፋይል ደግሞ ወሰኑን አሳንሶ ሊያስታውቅ ይችላል፤ ለንባብ ብቻ በሚከፈትበት ዘዴ ኮዱ ይህን አምኖ ከመጨረሻዎቹ ስሞች ሳይደርስ ይቆማል።

ከወሰኑ ሌላ የይዘቱም ነገር አለ። በአንዱ ክፍል «45»፣ በሌላው «45 ኩንታል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ኤክሴል ሁለተኛውን እንደ ጽሑፍ ቈጥሮ ከድምሩ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. «5/13/2016» ተብሎ ቢገባም፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተሰናዳ ኮምፒዩተር የፈረንጆቹ ሜይ 13 ቀን ያደርገዋል።

ይህ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶችም የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር 15,841 የኮሮና ሕሙማን ከዕለታዊው መዝገብ ሳይገቡ የዘገዩት፣ የቀድሞው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይዝ በመሆኑ ነበር። የዛሬው 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ ቢሆንም የቦታው መስፋት ጥንቃቄን አይተካም።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከአካባቢው ገበሬ ምርት ጋር የተሳሰረ ነው። የአቅራቢዎች ቍጥር ባደገ መጠን የሒሳቡ አነባበብ ይበልጥ ያሳስባል። ስለዚህ ነጋዴውና ማኅበራቱ በአንድ ሥርዓት ቢስማሙ መልካም ነው እንላለን፤ አርእስቱ በአንድ ረድፍ ብቻ ይሁን፤ መለኪያው በአርእስቱ፣ ቍጥሩ ብቻውን በክፍሉ ይጻፍ፤ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በየራሳቸው ዓምድ ይግቡ። ላኪውም የሰዎቹን ብዛትና የኩንታሉን ድምር በተለየ ወረቀት ያስታውቅ። ኮዱ ስም ያለበትን ረድፍ ራሱ ቈጥሮ ከዚያ ጋር ያስተያይ፤ ልዩነት ሲያገኝ ሥራውን አቁሞ ለሰው ያመልክት።

ከመዝገብ የወደቀ አንድ ረድፍ ለኮዱ ምንም አይደለም። ከወምበርማ ወይም ከጃቢ ጠህናን ምርቱን በአህያ ጭኖ ለመጣው ገበሬ ግን የዓመት ድካሙ ነው። ሚዛን እንዲስተካከል የምንሻውን ያህል፣ የመዝገቡም አነባበብ እንዲስተካከል ልንተጋ ይገባናል።