ያለ አፈር የሚበቅል መኖ፦ ከመሣሪያው በፊት መብራቱ ይታሰብ

ገብስን ያለ አፈር በትሪ አብቅሎ ከ7 እስከ 8 ቀን ለመኖ የማድረስ ዘዴ (ሃይድሮፖኒክስ) የግጦሽ መሬት ለጠበባቸው አርቢዎች አማራጭ ነው። ማብቀያ ክፍሉ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ60 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት ይስማማዋል። ሙቀቱ ሲያልፍና አየሩ ሲታፈን ሻጋታ ይነሳል፤ የሻገተ መኖ ደግሞ ላሟን ያሳምማል።

ይህን ክትትል መሣሪያ ሊሠራው ይችላል። የሰዓት መቆጣጠሪያው በተሞላለት ሰዓት ፓምፑን አስነስቶ ውኃ ያርከፈክፋል፤ የሙቀት መቆጣጠሪያው ክፍሉ ሲሞቅ ቬንትሌተሩን ያስነሳል። መብራት ሲጠፋ ግን ሁለቱም ይቆማሉ። ጠባቂ ከሌለ ቡቃያው ይጠወልጋል ወይም ይሻግታል።

ስለዚህ ወረዳዎች ለማኅበራት መሣሪያ ሲገዙ ባለባትሪ ሶላር ወይም ጀነሬተር ከነነዳጁ በዕቅዱ ሊካተት ይገባል። አየሩ ለዘብ ባለበት ደጋና ወይና ደጋ የሚከፈት መስኮት፣ ቴርሞሜትርና በእጅ ማጠጣት ለጀማሪ ይበቃሉ።

አርሶ አደሩም ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ። 1 ኪሎ ገብስ ከ5 እስከ 8 ኪሎ እርጥብ መኖ ቢሰጥም የጨመረው ክብደት ውኃ ነው። ድርቆሽና ገለባን ያግዛል እንጂ አይተካም።