ዕቅዱን የሚሞላው ማን ነው?

በክረምቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት እንስጥ የሚለው አሳብ በኅብረታችን አባሎች ዘንድ ተቃዋሚ የለውም። ያከራከረው ሥራው በምን ይመራ የሚለው ነው። ከፊሎቹ ጓደኞቻችን ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት በሚባለው ሶፍትዌር ይታቀድ ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ይህ የቢሮ ሰዎች ጌጥ ነው ብለው ይሥቃሉ። እኛ በበኩላችን ሶፍትዌሩን አንጠላውም። የምንጠይቀው፣ የሚሞላው ማን ነው? ብለን ነው።

ለመሆኑ መሣሪያው ከወዴት መጣ? በስሙ የሚጠራውን የሥራ ሰንጠረዥ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያስፋፋው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 የዱፖንት ኩባንያ፣ በ1958 ደግሞ ለፖላሪስ ሚሳይል ሥራ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራን ከሥራ የሚያያይዙ የዕቅድ ዘዴዎችን አወጡ። በፋብሪካም ሆነ በባሕር ኃይል አዛዥ አለ፤ ታዛዡም ደመወዝ ይቆረጥለታል። በኛ መካከል ግን ያለው ፈቃድ ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እንመልከት። በዚህ ሶፍትዌር አዲስ ሥራ ሲከፈት፣ ሰው ካልለወጠው በቀር፣ የሥራ ቀን ማለት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ የምሳው ተቀንሶ 8 ሰዓት ነው ብሎ ይነሣል። እንግዲህ አንዱ «የሒሳብ መልመጃ ማዘጋጀት፣ 2 ቀን» ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ የሚረዳው 16 የሥራ ሰዓት ነው። ዝግጅቱ የሚውለው ደግሞ ለፈተና በምናጠናበት በሰኔ ነው። በቀን 2 ሰዓት ብቻ ልትሰጥ የምትችል እኅታችን ይህንኑ ለመጨረስ 8 ቀን ያስፈልጋታል። መልመጃው ካላለቀ አይባዛም፤ ካልተባዛም ትምህርቱ አይከፈትም። ሶፍትዌሩ ሥራዎቹን አያይዞ ከሁሉ የረዘመውን ሰንሰለት ያሳያል፤ በዚያ ላይ የሚደርስ የአንድ ቀን መዘግየት የመጨረሻውን ቀን ይገፋዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ሁለቱ ቀን ስምንት መሆኑን ከርስዋ በቀር ማን ሊናገር ይችላል?

በዓላትንም ማስገባት የኛ ፋንታ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 መሆኑን ማሽኑ በራሱ አያውቅም፤ ዒድና መውሊድማ በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ ጠይቆ መጻፍ ያሻል። በአውሮፓ ቀን የሚቈጥር ሁሉ እንቁጣጣሽን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቢያኖር ይሳሳታል፤ የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የስም ዓምዱ ነው። ኮምፒዩተር ያለው ሰው ማታ ለብቻው ተቀምጦ ሲሞላው ምን ይሆናል? ያልነበረ ሰው ስም ይገባል፤ ማስተማሩ ለወንዶች፣ ምዝገባውና ሻይ ማፍላቱ ለእኅቶቻችን ይደለደላል። በማግሥቱ «በዕቅዱ ላይ ተጽፏል» ይባላል። ማን ወሰነው? መቼስ ድምፅ ተሰጠበት? ያልመከረበትን ሥራ የሚተው ሰው ቢበዛ አያስደንቅም፤ ሐምሌ ሲገባ ባዶ ክፍል ውስጥ መምህር የሚጠብቁት ግን እነዚያ ልጆች ናቸው።

ስብሰባ ወሬ ያበዛል የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ያበዛል። ቢሆንም የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወሬ የአንድ ክረምት ድካም ከሚባክን ይሻላል።

ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ ሥራዎቹ አንድ በአንድ በጥቁር ሰሌዳ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ የሚችለውን ሥራና በቀን የሚሰጠውን ሰዓት ራሱ ይናገር፤ ኮምፒዩተሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ይሁን። ባለቤት ያጣ ሥራ ክፍት ይተው እንጂ የቀረ ሰው ስም አይለጠፍበት። ክፍቱ ከበዛም የትምህርቱ ዓይነት ይቀነስና ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ።